ነስሩ ያልነፋው ቧንቧ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው ነስሩ ነው፤ የእንሴኖ ሰው፣ ወልቂጤ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ። ባለፈው ወር ቡታጅራ ላይ አረፈ። ሁለተኛዋ ባለቤቱ ዘይነባ ናት። ሦስተኛው ልጄ ዳዊት ነው፤ ያኔ፣ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፣ አሁን አዲስ አበባ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይመዘግባል። አራተኛው እኔ ነኝ። ወልዴ እባላለሁ፤ የቸሃ ሰው ነኝ፣ ቤቴ ወልቂጤ ነው፣ ሥራዬ ቧንቧ መዘርጋት ነው።

የነስሩን ሞት የነገረችኝ ዘይነባ ናት። ቦይ ውስጥ ቆሜ ቱቦ እያገጣጠምኩ ስልኬ ጠራ። «ወልዴ፣ ነስሩ ወደ አኼራ ሄደ» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ዘጋሁና የያዝኩትን ቱቦ ገጥሜ ጨረስኩ። ልጆቼ እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ አስቀምጬ እመክራቸው ነበር። ሰው ሞተ ሲባል ሥራ ይቆማል፣ ይህ የሰውነት ወግ ነው እላቸው ነበር። እኔ ግን እጄ ሥራውን ከለቀቀ ሐሳቤ የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ስለዚህ እስኪመሽ ቆፈርኩ።

እኔ የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው። ማንበብና መጻፍ የቀጠልኩት በራሴ ነው፤ ቧንቧም ያስተማረኝ የለም። ሰዎች የጣሉትን የተሰበረ መዝጊያ እየፈታሁ፣ እያጠብኩ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። እንዲህ ያደገ ሰው ሁለት ነገር ያተርፋል፤ እንጀራና ኩራት። እንጀራው ልጆቼን አሳደገልኝ። ኩራቱን ግን በጊዜ ልጥለው ሲገባኝ ተሸክሜው ኖርኩ።

ነስሩ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበር። ኮፋኖ ሥር ጎንበስ ብሎ ከመኖሩ ብዛት ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። የሚሠራው አስፋልቱ ዳር በተከራየው ግቢ ውስጥ ነበር። ሞተር ሲከፍት በመጀመሪያ ነጭ አቡጀዲ መሬት ላይ ያነጥፋል። ከዚያ እያንዳንዱን ቦልት እንደወጣበት ተራ አቡጀዲው ላይ ይደረድራል። ማንም ሰው እንዲረግጥበት አይፈቅድም። አንድ ጊዜ የወረዳ ሹም የሆነ ሰው ሳያይ ረገጠውና ነስሩ ቀና ሳይል «ጌታዬ፣ መስገጃ ላይ በጫማ ይቆማል?» አለው። ሹሙ እግሩን አነሣ።

ሂሳብ የሚቀበለውም እንደ ሌላው አልነበረም። መኪናውን ካስረከበ በኋላ ባለቤቱ ኪሱን ሲነካ «ሦስት ቀን ንዳው» ይለዋል። «ሦስት ቀን ነድተህ ደህና ከሆነ ታመጣለህ። ካልሆነም መኪናውን ታመጣለህ።» ብዙዎች ሦስተኛው ቀን ላይ ይመጡ ነበር። ሳይከፍሉ አልፈው የሚሄዱም ነበሩ፤ እነሱን ሲያይ «የእነሱ መኪና በጣም ደህና ሆነ ማለት ነው» ብሎ ይስቃል።

ሌላው ልማዱ መንፋት ነበር። የዘይት ይሁን የውሃ፣ የናፍጣ ይሁን የአየር፣ ማንኛውንም ቧንቧ ከመግጠሙ በፊት አፉ ላይ አድርጎ ይነፋዋል፤ በሌላኛው ጫፍ መዳፉን ይደግንና ትንፋሹ ሲመጣ ይሰማዋል። ከንፈሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነበር። ዘይነባ «አፉን በሳሙና ካልታጠበ ምሳ አላቀርብለትም፣ ከናፍጣ በርሜል ጋር አልተጋባሁም» ትል ነበር። እሱ ደግሞ «የአየር መጭመቂያ አለ፣ በእሱ ይጠራል ይሉኛል። መጭመቂያ ይነፋል እንጂ ይጠይቃል? እኔ እየነፋሁ እጠይቀዋለሁ» ይላል።

ለእኔ «ዳኛው» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር። የሰፈራችን እድር ላይ የሚያረፍድ ሰው አልወድም፤ ተነሥቼ እናገራለሁ። ይህንን አውቆ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እግሩን ዘርግቶ ለተቀመጠው ደንበኛ «ተነሥ፣ ተነሥ፣ ዳኛው መጣ። ሳይጠይቅህ በፊት ጥፋትህን አስብ» ይላል።

«አንተስ የአንተን አስበሃል?» እለዋለሁ።

«የእኔን አላህ ይዞልኛል። ብዙ ስለሆነ ለመዝገቡ እንሴኖ አይበቃም።»

ስለ እሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል ይህንን እናገራለሁ። አንድ ቀን የአንድ ሚኒባስ ሞተር ገጥሞ ጨርሶ፣ መኪናው ሰው ጭኖ ወደ ጅማ መንገድ ወጣ። ነስሩ ምሳ ሊበላ እጁን ሲታጠብ አቡጀዲው ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት ቀርታ አየ። ምሳውን ትቶ ባጃጅ ያዘ። እኔም ግቢው ውስጥ ስለነበርኩ አብሬው ዘለልኩ። ከከተማው ወጣ ብለን ደረስንበትና መኪናውን አስቆመ። ተሳፋሪው በሙሉ እያየ ኮፋኖውን ከፍቶ መፈለግ ጀመረ። የተቀመጡት ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ አጉረመረሙ። አንዱ «ሰውየው ቀለበቱ ጠፍቶበት ነው፣ ሚስቱ ልታባርረው ነው» አለና ሁሉም ሳቁ። ነስሩ ሩብ ሰዓት ያህል ፈለገ። ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ያቺ ቀለበት የሌላ መኪና ትርፍ ነበረች። ኮፋኖውን ዘጋና በመስኮቱ በኩል ለሁሉም «አፉ በሉኝ፣ አስቆምኳችሁ» አላቸው።

በባጃጅ ስንመለስ «ተዋረድክ እኮ» አልኩት።

«ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትክም። በከንቱ ሳቁብህ ነው የምልህ።»

«ይሳቁ። ሳቃቸው ጅማ ሳይደርስ ያልቃል። ይቺ ቀለበት ጎድላ ቢሆን ግን መዘዟ አያልቅም ነበር።»

ይህንን ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሥራ እንዲህ ነው፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብያቸዋለሁ። ስነግራቸው ራሴንም እዚያው ባጃጅ ውስጥ ከእሱ ጎን አስቀምጬ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነበረችኝ። ቧንቧና ታንከር እጭንባታለሁ፤ መስቀል ሲደርስ ደግሞ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ቸሃ እወጣባታለሁ። መስቀል ላይ ጉራጌ ወደ አገሩ ሲገባ ምን ይዞ እንደመጣ ይታያል። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ነገሩ ከመድረሱ በፊት በነበረው መስቀል የእኔ ፒካፕ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥታ ቆመች። ልጆቹ ወርደው ገፉ። ከእኔ በኋላ ከተማ ገብቶ ነጋዴ የሆነ የአጎቴ ልጅ በአዲስ መኪና አልፎን ሄደ፤ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፋ። ሰላምታ ይሁን ፌዝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያችን ጥሩምባ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰማኋት።

ዳዊት ይህንን ያውቃል። መኪናዋን የሚነዳው በአብዛኛው እሱ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና የማላውቃቸው ሰዎች በገዛ ግቢያቸው መኪናቸው ላይ ቱርቦ፣ ለሞተር አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ፣ ሲገጥሙ አሳየኝ።

«አባባ፣ ይኸውልህ፣ ቀላል ነው። ሙሉ ዕቃው በአንድ ሳጥን ይመጣል። አዲስ አበባ የሚያስመጣ ልጅ አውቃለሁ። ዳገቱን እየዘፈንን ነው የምንወጣው።»

«ስንት ነው?»

ነገረኝ፤ ብዙ ነበር። በኋላ ግን እሺ አልኩ፤ ጋራዥ አንሄድም፣ እዚሁ ግቢያችን እንገጥመዋለን፣ ነስሩ ያግዘናል አልኩ። በራሴ እጅ ልሠራው ፈለግሁ። ልጄም እንዲያይ ፈለግሁ።

ነስሩ ሳጥኑን ከፍቶ ሲያይ አልወደደውም። «ሞተሩ ያረጀ ነው። ያረጀን ሰው ሩጥ ማለት ነው ይሄ» አለ።

ዳዊት «ጋሽ ነስሩ፣ ቀስ እያልን እናስሮጠዋለን። ፈታ በል» አለው።

«ፈታ የምለው እኔ አይደለሁም፣ ቦልቱ ነው» አለና ሳቀ። ከዚያም አቡጀዲውን አነጠፈ። በዚያን ጊዜ ነስሩ ወልቂጤን ሊለቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ቡታጅራ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ለራሱ ጋራዥ የሚሆን ቦታ ተከራይቶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ስሙን በሰሌዳ ላይ አጽፎ ጨርሶ ነበር። ሃያ ዓመት በሰው ግቢ ከሠራ በኋላ የራሱ ሊሆን ነው። «የመጀመሪያው መኪና የአንተ ይሁን፣ ዳገቱን ወጥተህ መጥተህ መርቅልኝ» ብሎኝ ነበር።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ጎደለ። ቱርቦው ውስጥ የገባው ዘይት ተመልሶ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርድበት ቧንቧ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ዳዊት አዲስ አበባ ደወለ፤ ልጁ በሳምንት እልካለሁ አለው። መስቀል ደግሞ አምስት ቀን ቀርቶታል።

«ቧንቧ ጠፋ ብላችሁ ልታለቅሱ ነው? ቧንቧ የማን ሥራ ነው?» አልኳቸው። ዕቃ ቤቴ ገብቼ ቱቦ፣ መታጠፊያና ማያያዣ አመጣሁ፣ ጥርስ አወጣሁለት፣ ልኩን አስተካከልኩ። በመጨረሻም እንደ ልማዴ ቃጫ አወጣሁ። የቤት ቧንቧ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጥርሱ ላይ ከእንሰት የወጣ ቃጫ ይጠመጠማል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ በቁልፍ ይጠብቃል። ውሃ አንዲት ጠብታ አያልፍም። በዚህ አገር ስንት ፎቅ በቃጫ ቆሟል።

ዳዊት አይቶ ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ የሽንት ቤት መስመር አይደለም። ቴፕ አለ፣ ለዘይት የሚሆን ማጣበቂያ አለ።»

ነስሩም ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ዳኛው፣ ልጅህ ፈረደብህ» አለ። ከዚያ ግን ቁም ነገር ጨመረ። «ቃጫው አያስጨንቀኝም፣ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ ነፍቼ እኔ እዘጋዋለሁ። እስከዚያ አትንካው።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እሱ ወደ መስጊድ ሄደ። ዳዊትም ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እኔ ብቻዬን ቀረሁና የሳቃቸው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሰላሳ ዓመት ቧንቧ ዘርግቻለሁ። አትንካው የሚለኝ ማን ነው? ቃጫውን ከወትሮው አብዝቼ ጠመጠምኩ፣ ቀለሙን ቀባሁ፣ በቁልፍ ጠምዝዤ አጠበቅሁት። አልነፋሁትም። የራሴን ቧንቧ መንፋት ራሴን እንደመጠርጠር ሆኖ ታየኝ። ይህንን ነው ሌላው የማይረዳልኝ፤ ረሳሁ አልልም፣ አልረሳሁም።

ነስሩ ሲመለስ ቧንቧው ተዘግቶ አየና ቆመ።

«ነፋኸው?» አለኝ።

ዳዊት አጠገባችን ቆሞ ያዳምጣል።

«ነፍቼዋለሁ።»

«ባረከላህ» አለ ነስሩ። ጎንበስ ብሎ ወደ ቀጣዩ ቦልት ሄደ። ከዚያ በኋላ ያቺን ቧንቧ ዘወር ብሎም አላያትም። ሰው ነፍቻለሁ ካለ ለእሱ አለቀ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሞተሩ ተነሣ። መኪናው የጭስ መውጫው ማርሚታ ሲገጠም በክሪክ እንደተነሣ በድንጋይ ላይ ቆሟል። ነስሩ የቱርቦው ጥርስ ሲዞር ማየት ስለፈለገ የአየር ማጣሪያው ገና አልተገጠመም፤ አፉ ክፍት ነው። ረጅሙን ካቻቢቴ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ፈገግ አለ። «ስማው» አለኝና ካቻቢቴውን ሰጠኝ። እኔም ሰማሁ፤ ሞተሩ እንደ ወጣት ሰው ይተነፍሳል። ዳዊትን ነዳጅ ስጠው አለው። ሰጠው። ትንሽ ቆይቶ ነስሩ ፊቱን አጨፈገገ። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ መውጣት ጀመረ።

«አጥፋው» አለ።

ዳዊት ቁልፉን አጠፋ። ሞተሩ አልጠፋም። ይልቁንም ድምፁ ጨመረ። ያኔ አላወቅንም እንጂ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ ወደ አየር መግቢያው አልፎ ነበር። ሞተሩ ናፍጣ ቢቋረጥበትም የገዛ ዘይቱን እየጠጣ ነበር። ግቢው በጭስ ተሞላ። ድምፁ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እግሬ ይሰማኛል። ነስሩ «ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን ርገጥ» እያለ ይጮኻል። ዳዊት ግን በሩን ከፍቶ ዘለለ። አልፈርድበትም፤ እኔ አባቱ ከእሱ በፊት የግቢው በር ላይ ደርሻለሁ።

ነስሩ ብቻ ቀረ። ጃኬቱን አወለቀ፣ ጠቅልሎ የአየር መግቢያው አፍ ላይ ደፈነው፣ በቀኝ እጁም ተጫነው። ማሽኑ ጨርቁን ሳበ፤ ከጨርቁ ጋር እጁን። ሞተሩ ከውስጥ አንድ ከባድ ነገር ሰበረና ቆመ። ነስሩ እጁን አወጣና አየው። «ጃኬቱ ነው ያዳነኝ» አለ። ሦስቱ ጣቶች አልነበሩም።

እሱ ሆስፒታል እያለ እኔና ዳዊት መኪናዋን ፈታን። ሞተሩ ጎኑ ተቀዶ ነበር። ያችን ቧንቧ የፈታኋት እኔ ነኝ። መታጠፊያው ላይ የቃጫና የቀለም ጓል እንደ ቡሽ ተወትፎ አገኘሁት። በጣቴ ጎትቼ አወጣሁት።

«ምን አለ?» አለ ዳዊት ከመኪናው ሥር።

«ምንም» አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ሆስፒታል ስገባ ነስሩ እጁ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ «ፈታችሁት? ምን አገኘህ?» አለኝ። ዘይነባ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ታየናለች። በዚያች ደቂቃ ብናገር ኖሮ ምናልባት ይቆጣ ነበር፣ ምናልባት ይሰድበኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ያውቅ ነበር።

«ምንም አላገኘንም» አልኩት።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ።

ወልቂጤም እንደዚያው አለች። ነስሩ አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ የጓደኛውን መኪና በገዛ እጁ አበላሸ ተባለ። ዳዊት ደግሞ ርካሽ ዕቃ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ዘልዬ ባልወርድ ጣቶቹ አይሄዱም ነበር ብሎ ራሱን ሲበላ ከረመ። መሪ መያዝ አስጠላው። በዓመቱ አዲስ አበባ ሄደ። እኔም ሁለቱንም አጽናናኋቸው። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አልኳቸው። ስሙን ለውሸቴ መሸፈኛ አደረግሁት።

ጋራዡ አልተከፈተም። ቀኝ እጁ አውራ ጣቱና ትንሿ ጣት ብቻ የቀሩለት ሰው ቁልፍ አይጨብጥም። ቀብዱም አልተመለሰለትም። ነስሩና ዘይነባ ቡታጅራ ሄደው በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ የሞተር ዘይትና ያገለገለ ቦልት መሸጥ ጀመሩ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አውቶቡስ ይዤ እሄድ ነበር። ሁልጊዜ ልነግረው ነበር የምሄደው።

ሱቁ ውስጥ ሲያየኝ «ዳኛው መጣ» ይላል፤ ተነሥ የሚባል ደንበኛ ግን የለም። ትንሽ እንጨዋወታለን። ከዚያ ይጀምራል። በግራ እጁ ቦልቶቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ ያንን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቆጥረዋል። «የላይኛውን አራት ቦልት አጥብቄያለሁ። ዘይቱን ቀይሬያለሁ። የሚያስገባውን ቀጭን ቧንቧ ነፍቻለሁ። ጥርሱን በእጄ አዙሬ አይቻለሁ፣ አልነካም። ወልዴ፣ የቱ ጋ ነው ያለፈኝ?» እያንዳንዱን ነገር አንሥቶ ያገላብጠዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። አንዳንዴ አዲስ ጥፋት አግኝቶ ይጠብቀኛል፤ «አሁን ገባኝ፣ ዘይቱ ቀጭን ነበር» ይለኛል። በሚቀጥለው ስመጣ ይህንኑ ራሱ አፍርሶታል።

አንድ ቀን ቆርጬ ሄድኩ። ደንበኛ አልነበረም፣ ዘይነባም ገበያ ወጥታ ነበር። «ነስሩ፣ ያች የመመለሻ ቧንቧ...» ብዬ ጀመርኩ።

እጁን አነሣ። «እሷን ተዋት፣ ወልዴ። እሷን የምታነሣልኝ ልታጽናናኝ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። እሷን አንተ ነፍተሃታል። ያልነፋኸውን ነፋሁ የምትል ሰው አይደለህም። ከሁሉም አንድ የማልጠረጥራት እሷን ነው፣ እሷንም ከወሰድክብኝ ምን ይዤ እቆጥራለሁ?»

ሻይ ጠጣሁና ተሳፍሬ ተመለስኩ። ለልጆቼ እውነት መናገር ከባድ የሚሆነው ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ብቻ ነው ብያቸው አውቃለሁ። ውሸት ነው። በየቀኑ ይከብዳል፤ አምስት ዓመት ከሆነው በኋላ ደግሞ አፍ አይችለውም።

ነስሩ የተቀበረው እንሴኖ ነው። ስኳር በሽታ ነው የገደለው። መቃብሩ ከመዘጋቱ በፊት ታላቅ ወንድሙ ተነሥቶ በወጉ መሠረት ለሰዉ ተናገረ። «ነስሩ ላይ ገንዘብ ያለው ይናገር፣ እኛ እንከፍላለን። ቂም ያለውም አፉ ይበለው።» ሰዉ ሁሉ «አፉ ብለናል» አለ። ነስሩን የበደለ ሰው እንዳለ ግን የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለ ወግ የለም። እኔም ከሰዉ ጋር «አፉ ብያለሁ» አልኩ። አልኩ። እሱን ይቅር አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ቁጭ ከማለቴ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አምጥታ ፊቴ አኖረች።

«የአንተ ነው» አለች። «የመኪናህ ካሳ ነው። በየወሩ ከሱቁ እያነሣ ያስቀምጥ ነበር። ሳልጨርስ ብሞት የሞላውን ያህል ስጪው፣ የቀረውን አፉ በለኝ በይው ብሎኛል።»

«ዘይነባ፣ ነስሩ ለእኔ ምንም አይከፍልም።»

«እሱ አለብኝ ብሏል።»

ያኔ ነገርኳት። ቃጫውን፣ ዓርቡን፣ ነፍቼዋለሁ ያልኩትን፣ ኪሴ የከተትኩትን። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«በየወሩ ይሄን ሲቋጥር ስጋ እንግዛ እለው ነበር» አለች። «አይሆንም ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘለትን መርፌ እንኳ አንዳንዴ ይዘለዋል። አንተ በዓመት ሦስት ጊዜ እዚህ በር ላይ ቆመሃል።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም።» ቋጠሮውን ወደ እኔ ገፋችው። «ውሰደው።»

«እንዴት ልውሰድ? የእናንተ ነው።»

«አማና ነው፣ አደራ። የሞተ ሰው ቃል እኔ አልመልስም፣ አንተም አትመልስም። አፉ ማለቱን ግን ከእኔ አትጠብቅ። እኔን አልነበረም የምትጠይቀው።»

ይዤው ወጣሁ። ልጥለውም ልበላውም አልቻልኩም። ለመስጊድ ልሰጥ ብዬ አስቤ ነበር፤ በሰው ገንዘብ ጽድቅ መግዛት ሆነብኝና ተውኩት።

ለዳዊት በስልክ ነገርኩት። በአካል ሄጄ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። ሁሉንም ሰምቶ «ስንት ዓመት ሆነው?» አለኝ።

«አምስት።»

«አምስት ዓመት ሙሉ መሪ መንካት ያቃተኝ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነው።»

«ልጄ...»

«እሺ፣ አባባ። ሥራ ላይ ነኝ» አለና ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሣም። በመስቀልም አልመጣም።

እኔ ልጆቼን ሂሳብ ያስተማርኩ አባት ነኝ፤ ነገር ሁሉ ተደምሮ ካልታየ ሰው ራሱን ያታልላል እላቸው ነበር። ስለዚህ ትናንት ያች ያልነፋኋት ቧንቧ ያስከፈለችውን ልደምር ወረቀት አወጣሁ። ዳዊት ለቱርቦው ካጠራቀመው ሰባ አራት ሺህ ብር ከፈለ። ለቀለምና ለትናንሽ ዕቃ እኔ አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ። ፒካፗን እንዳለች በብረትነት ስሸጣት ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ብር ከሰርኩ። ለሆስፒታሉ ዘይነባ ወርቋን ሸጣ ሠላሳ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ከፈለች። ለቡታጅራው ጋራዥ ነስሩ ከፍሎ የቀረበት ቀብድ ስልሳ ሺህ ነው። ቋጠሮውን ቆጠርኩት፤ አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው፣ አብዛኛው የአሥርና የሃምሳ ብር ኖት። ለጣቶቹና ለዘለላቸው መርፌዎች የምጽፈው ቁጥር አላገኘሁም፣ ለልጄም አላገኘሁም። በቁጥር የሚጻፈውን ብቻ ደመርኩ፤ አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ አንድ መቶ ብር።